የአያ ይስማው እግር

ጥቅምት 4፣ ሰኞ። ጠ. 2 ሰዓት፣ ሥራ ቦታ

ጭዱ ዛሬም ከጆንያው እየወጣ ነው። የሰይፍ ልምምድ ሳንጀምር ግማሽ ሰዓት ጆንያ መስፋት። ምንጣፍ ብለን የምንጠራው እሱን ነው። ሃያ ሰባት ተማ. መጥቷል፤ አምስቱ አዲስ። አዲሶቹን ፋንታዬ ያዘች፣ ነባሮቹን እኔ። ሁለት የወይራ ሰይፍ ተሰንጥቋል። ጠራቢያቸው፣ መምህራችን አያ ይስማው፣ መንደራቸው ድብ ባሕር ታመው ተኝተዋል። እንደ እሳቸው የሚጠርብ የለም።

አሁን ላቦራቶሪ ነኝ። የደም ናሙናው ገና አልመጣም። ስለዚህ ስማኝ፣ ደብተር።

ሰሎሞን ትናንት በሬዲዮ ቀረበ።

አሥራ ሁለት ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው ነው። ሰይፍ ያስጨበጥኩት እኔ፣ ጣቱን አንድ በአንድ ያስተካከልኩለት እኔ። ባለፈው ሰኔ ወር፣ ሃያ ተማ. ይዞ ወጣ፣ ማራኪ ሰፈር ጂም ከፈተ። ግድግዳው መስታወት ብቻ ነው አሉ። ይውጣ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች። ያን ጊዜ አልተናደድኩም። (ውሸት። ሳምንት ሙሉ እንጀራ አልዋጥልህ ብሎኛል።)

ትናንት ጋዜጠኛው ማን አስተማረህ ሲለው አዲስ አበባ አንድ የውጭ አገር ማስተር ዘንድ ነው የተማርኩት አለ። አያ ይስማውስ፣ ሲባል ሳቀ። ሳቀ እኮ! እሱ አንካሳ እንጨት ጠራቢ ነው፣ ልጅ ሰብስቦ ዱላ ያስጨፍር ነበር አለ።

አንተ ደብተር ሁሉንም ታውቃለህ፤ ንዴቴ እንዲወጣልኝ ግን ልድገመው። አያ ይስማው በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ኋላ ጎንደር አንድ ጃፓናዊ የሒሳብ መምህር በበጎ ፈቃድ ሊያስተምር መጣ። ይህን የጥንት የሰይፍ ጥበብ ከአያት ከቅድመ አያቱ ተቀብሎታል። ስድስት ዓመት አያን አስተማራቸው። አገሩ ሲገባ አደራ አለ፤ ከአንተ ላይ እንዳይቀር። አያም ሠላሳ ዓመት አላስቀሩትም። በነፃ። ማኅበራችን ይኸው ነው፤ የሚከፍልም የሚከፈለውም የለም። ለዚህ ነው አንካሳ እንጨት ጠራቢ የተባሉት።

እዚህ ላይ ቃሌን አስፍር። ሰሎሞን በሰው ፊት፣ በገዛ አፉ፣ መምህሬ አያ ይስማው ናቸው ይላል። አለዚያ ትርንጎ አትበሉኝ።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ከስፖርት ጽ/ቤት ደብዳቤ ደረሰ። ጥቅምት 30 ቅዳሜ ሁለቱም ማኅበር፣ እኛም እነ ሰሎሞንም፣ በወጣቶች አዳራሽ ትርኢት እናሳያለን። ገምጋሚ ከአዲስ አበባ መጥቶ ያወዳድረናል። ሕዝብ ይጠራል። ሕዝብ! ሦስቴ አነበብኩት። እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው።

ከሰ. በማራኪ ሳልፍ ፖስተሩን አየሁ። እጁን አጣምሮ፣ ፊቱን አኮሳትሮ። ማስተር ሰሎሞን ይላል። ግራ ቀኝ አየሁ፣ እስክሪብቶ ከቦርሳዬ አወጣሁ፣ ጢም ሣልኩለት።

አርባ አንድ ዓመቴ ነው። የሆስፒታል ባለሙያ ነኝ። ትንሽ ቀለል ብሎኛል።

ጥቅምት 10፣ እሑድ። ከሰ. 11 ሰዓት

ምን ብዬ ልጻፈው።

ጠዋት አንዲት ጃፓናዊት መጣች፣ ወ/ሮ ሚዶሪ የምትባል። ጡረተኛ ናት፣ ሰባ ይሆናታል። ግንቡን ልትጎበኝ መጥታ አስጎብኚዋ ስለ እኛ ነገራት። በወጣትነቷ ይህንኑ ጥበብ ሠርታለች። ጆንያው ላይ ቀጥ ብላ ተንበርክካ አንድ ሰዓት ተኩል ስታየን ቆየች። እኛም ተንጠራርተን ሠራን። ያቺን የመጀመሪያዋን ካታ፣ ዘጠኝ እርምጃ ያላትን የሰይፍ እንቅስቃሴ፣ ሁላችንም በአንድ ትንፋሽ ሠራናት። ኮርቼ ነበር፣ አልዋሽህም።

ሲያልቅ አጎነበሰች። ሸጋ ነው አለች በአስጎብኚው አፍ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀች፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ጠየቀች። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ሁላችሁም ግራ እግራችሁን ለምን ትጎትታላችሁ?

ካታው እንዲያ ነው አልኳት። በኩራት።

ተነሣች። ሰይፍ አንሥታ ሠራችው። ሦስተኛው እርምጃዋ ላይ ግራ እግሯ ከፍ አለ፣ ድምፅ ሳያሰማ አረፈ። አለቀ። መጎተት የለም፣ መቆየት የለም።

 ፋንታዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ የአያ እግር ነው፣ አለችኝ።

አያ ድሮ የአይሱዙ ረዳት ሳሉ ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ወድቀው ግራ ጉልበታቸው ተሰብሯል። ማናችንም ሳንመጣ በፊት። ከእኛ ውስጥ እሳቸውን በሙሉ እግር ያየ የለም። ሲያስተምሩ ደግሞ እንደ የኔታቸው ነው። አትጠይቅ፣ እይ፣ ያየኸውን አድርግ። ጃፓናዊውም እንዲያው ነበር ይላሉ። እኛም አየን፣ ያየነውን አደረግን። ምን አጠፋን!

ሃያ ሁለት ዓመት ሳነክስ ኖሬአለሁ፣ ደብተር። በሁለት ጤነኛ እግር። ሌላውንም አስነክሻለሁ።

ምሳ አልበላሁም። ፊቴ እስካሁን ይነዳል።

ማታ 1 ሰዓት

ቆይ።

ሰሎሞንም ያነክሳል።

አዲስ አበባ፣ የውጭ አገር ማስተር፣ ምናምን! ሦስተኛው እርምጃው ላይ የአያን እግር ይጎትታል። መስታወት ፊት ቆሞ ይጎትታል። ተማሪዎቹም ይጎትታሉ። በዓለም ላይ እንዲህ የሚጎትት ከእኛ በቀር የለም። ማን እንዳስተማረው እግሩ ይመሰክርበታል፣ በገምጋሚ ፊት፣ በሕዝብ ፊት!

እራት ሁለት ጊዜ በላሁ።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ሥራ ተጀመረ። ሲሚንቶው ላይ ውኃ እንረጫለን። እግሩን የሚጎትት ሰው መስመር ይተዋል፤ የሚያነሣ አይተውም። ወጣቶቹ ቶሎ ገባቸው፣ እየሳቁ ነው የሚያርሙት። አዲሶቹማ ከነጭራሹ ችግር የለባቸውም። የከፋሁት እኔ ነኝ። አንጎሌ አንሺ ይላል፣ እግሬ አይሰማም። ዛሬ ሠላሳ ጊዜ ሠራሁ፣ ሠላሳ መስመር።

ዕቅዱ ቀላል ነው። እኛ ንጹሕ እንሠራለን። እነሱ ይጎትታሉ። ገምጋሚው ይህ ምንድን ነው ይላል። ያን ጊዜ እኔ እነሣለሁ።

ለፋንታዬ ነገርኳት። አብራኝ ሃያ ዓመት ያስተማረች፣ ሌላው ቀርቶ ዝንብ የማትቆጣ ሴት ናት። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት አለችኝ። እኔ ጸሎት ላይ አይደለሁም አልኳት። ለሰሎሞን ትንፍሽ እንዳትል አስማልኳት። ማለችልኝ፣ ፊቷ ግን ጠቆረ።

ጥቅምት 17፣ እሑድ። ከድብ ባሕር ስመለስ

ድብ ባሕር ሄጄ ነበር። ስኳርና መድኃኒታቸውን ይዤ። ገብሱ ታጭዶ መንደሩ ሁሉ አውድማ ላይ ነው። አያ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ጋቢ ለብሰው። ከስተዋል። እጃቸው ግን ሥራ አልፈታም፣ የወይራ ቁራጭ ይፍቃሉ።

ስለ ጃፓናዊቷ ነገርኳቸው። አንገቴን ደፍቼ። እስቲ ሥሪው አሉኝ። የሃያ ሁለት ዓመት ልማዴን፣ ከነመጎተቱ፣ ግቢው ውስጥ ሠራሁት። መጀመሪያ እግሬን አዩ። ከዚያ ሳቁ። ሳል እስኪያጣድፋቸው ሳቁ። ከዚያ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። እኔም ሰይፉን ይዤ እንደ ሞኝ ቆምኩ።

ምነው ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሳትጠይቂኝ አሉ። አትጠይቁ ብለውን የለ እንዴ አልኳቸው። እውነትሽን ነው አሉ፣ ዓይኔ ሁሌ እጃችሁ ላይ ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከዚያ ጠየቁኝ፣ ሰሎሞንም እንዲህ ነው? አዎ። እንግዲያ ንገሪው አሉ። ታላቃቸው አንቺ ነሽ። ሰው ፊት ቆሞ እንዳያፍር። ደግሞ ነገሩ በእኔና በእናንተ መካከል ይቅር፤ ለአገር ወሬ እንዳይሆን።

ፈነዳሁ። በሬዲዮ ያለውን፣ አንዲት ቃል ሳላስቀር ነገርኳቸው። እስካሁን ደብቄአቸው ነበር። አንካሳ ነው ያለዎት አልኳቸው!

አያ ጉልበታቸውን አዩ። "አንካሳ አይደለሁም እንዴ?" አሉኝ።

ስኳሩንና መድኃኒቱን አስቀምጬ ተነሣሁ።

ስወጣ እሺ በይኝ እንጂ አሉ። ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ ብዬ ወጣሁ። እሺ አላልኩም። ልብ በል ደብተር፣ አፌ እሺ አላለም። ቃል አልገባሁም።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

አያ ደግ ናቸው፣ ለዚህ ነው የሚረገጡት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ እሳቸው ተወግተው ይረሳሉ። እንግዲህ እኔ አስታውስላቸዋለሁ። አንድ ሰው ማስታወስ አለበት።

ደግሞስ ብነግረው ምን ይለኛል? አመሰግናለሁ ይላል? እርምጃውን አስተካክሎ፣ ማስተር ሰሎሞን ሆኖ፣ አያን ለሁለተኛ ጊዜ ይክዳቸዋል። ያችን እግር ባያርማት ነው የሚሻለው። ከአያ የቀረችው ብቸኛ ምስክር እሷ ናት።

ፋንታዬ ዛሬ አላናገረችኝም። ውኃውን ረጨች፣ ጠረገች፣ ሄደች።

መስመሬ አጠረ። ከአሥሩ ሰባቱን አነሣለሁ።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ። ከሰ. 11፡30

ሰሎሞንን ሚኒባስ ውስጥ አገኘሁት። ከማራኪ ወደ ፒያሳ። ሌላ ቦታ ስላልነበረ አጠገቤ ተቀመጠ። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል፣ ከስቷል። ቂሜ ባይኖር አሞሃል ወይ እለው ነበር።

እታለም ብሎ ሰላም አለኝ። ድሮም የሚጠራኝ እንዲያ ነው፣ እንደ ታላቅ እህቱ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ፣ ወደ መስኮቱ ዞሬ።  ከዚያ አያ ደኅና ናቸው ወይ አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ደኅና ናቸው አልኩ። ልሂድ እላለሁ፣ ፊት የለኝም አለ። ሬዲዮኑ ላይ ያ ሰውዬ አጣደፈኝ ምናምን ጀመረ።

አሁን ንገሪው አለኝ አንድ ነገር በውስጤ። ሁለት ቀን አለው። ጎበዝ ነው፣ በሁለት ቀን ያርማታል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ሰሎሞን፣ ሦስተኛው እርምጃ ላይ እግርህን አንሣ። አለቀ።

ወራጅ አለ አልኩ። ፌርማታዬ ገና ነበር። በእግሬ ሄድኩ።

አጣደፈኝ ይበል! እኔንም ንዴቴ አጣድፎኛል።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ቤት

 በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። መቆሚያ የለም፣ መስኮት ላይ ሁሉ ሰው። እኛ ቀደምን። ሃያ ሰባት ሰው፣ ዘጠኝ እርምጃ፣ አንድም አልጎተተ። እኔም አልጎተትኩም። ገምጋሚው ጻፈ፣ ራሱን ነቀነቀ።

እነሱ ገቡ። ጥቁር በጥቁር ለብሰው፣ ሰሎሞን ከፊት። አንድ። ሁለት። ሦስት፣ እና ሃያ አንድ ግራ እግር በአንድ ላይ ሲሚንቶው ላይ ሸሸሸ አለ። ደስታዬን ልነግርህ አልችልም። 

ገምጋሚው አስቆማቸው። ይህ መጎተት ምንድን ነው፣ በካታው የለም አለ። ሰሎሞን የማስተሬ የተለየ ስልት ነው አለ። የየትኛው ማስተር? የአዲስ አበባው፣ አለ። ፊቱ ላይ ላብ አየሁ።

ተነሣሁ።

ውሸት ነው አልኩ። ድምፄ እንዲያ እንደሚጮኽ አላውቅም ነበር። ይህ ስልት አይደለም፣ ይህ እግር ነው፣ ባለቤት አለው አልኩ። ድብ ባሕር ይስማው የሚባል አንካሳ ሽማግሌ አለ፣ ይህን ሰው አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማረ፣ እሱ የካደው። አንካሳ አልኩ፣ ደብተር። በእኔ አፍ። እንዲገባቸው ብዬ ደግሞ ወደ መሐል ወጥቼ አሳየሁ። አያ እንዴት እንደሚሄዱ። ጉልበት ግትር፣ ወገብ ሰበር፣ እግር ጎተት። ይኸውላችሁ አልኩ፣ የሰሎሞን ማስተር!

አዳራሹ ሳቀ።

በሰሎሞን የሳቁ መስሎኝ ነበር። እኔም ፈገግ እንዳልኩ ነኝ። ከዚያ ከኋላ አንዱ ተነሥቶ እያነከሰ ሄደ፣ ሌላው ተከተለው። መስኮት ላይ ያሉት አንካሴ፣ አንካሴ እያሉ ያጨበጭባሉ። የእኔም ተማሪዎች፣ የእኔው፣ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ስልክ ሁሉ ወደ ላይ ወጥቷል። እና እኔ መሐል ላይ፣ የአያን እግር እንደጎተትኩ፣ ደርቄ ቀረሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሰሎሞን ሰይፉን ወረወረ። ወረወረና ጮኸ።

"ዝም በሉ! መምህሬ ናቸው! መምህሬ ናቸው እኮ ነው የምላችሁ!"

ደግሞ ጮኸ። ደሞ። ድምፁ ተሰበረ። አያ ይስማው መምህሬ ናቸው፣ የካድኩት እኔ ነኝ፣ የምትስቁ በእኔ ሳቁ አለ። አዳራሹ እየተጎተተ ጸጥ አለ። ያኔ ወደ እኔ ዞረ። ቁጣ አልነበረበትም፣ ቁጣ ቢኖርበት በወደድኩ።

"እታለም፣ አንቺ? እሳቸውን?"

 ተማሪዎቹን ይዞ ወጣ።

ገምጋሚው የሆነ ነገር ተናገረ፣ አልሰማሁም። አንደኛ ወጥታችኋል አሉኝ ኋላ። አንደኛ!

ይኸው የማልኩት ደረሰ። በሰው ፊት፣ በገዛ አፉ። ቃል በቃል። ሃያ ስድስት ቀን የለመንኩት ዓረፍተ ነገር። ያለው ግን እኔ አስገድጄው አይደለም፤ ከእኔ አፍ ሊያድናቸው ነው ያለው።

ከሰ. 12 ሰዓት

ፋንታዬ መጣች። አልገባችም፣ በር ላይ ቆመች። ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጥቷል አለች። እኔ የማነክስበት ነው፣ የሰሎሞኑ አይደለም። የእሱን ቆርጠውታል። ሥሩ የሚጻፈው ሳቅ ብቻ ነው አለች። የአያ የልጅ ልጅ ስልክ አላት፤ ማታ ማታ ለአያ የምታሳያቸው እሷ ናት።

ለምን አልከለከልሽኝም ብዬ ጮኽኩባት። አስምለሽኛል አለች፣ ሄደች።

በሰሎሞን መናደድ ሞከርኩ። እሱ ባይጀምር፣ እሱ በሬዲዮ ባይናገር፣ እሱ ባይክድ። ሁሉም እውነት ነው። ግን እሱ አንካሳ ሲል አያ አልሰሙም ነበር። የሰሙት ከእኔ ነው፣ እኔው ነኝ ድብ ባሕር ድረስ ይዤ ሄጄ የነገርኳቸው። ዛሬ ደግሞ ለአገር ሁሉ። አንዲት ነገር ነበር የለመኑኝ፤ በእኔና በእናንተ መካከል ይቅር።

ቂሜ የት ሄደ? ፈልጌው አጣሁት። ሲያስፈልገኝ!

ኅዳር 1፣ እሑድ። ጠ. 12 ሰዓት፣ መናኸሪያ

ሚኒባሱ ውስጥ ነኝ፣ ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። የመጀመሪያው መኪና ነው። አያ ከሌላ ሳይሰሙ ከእኔ ይስሙ ብዬ። ስልኩን ገና አላዩት ይሆናል። ሌሊቱን የምለውን ሳዘጋጅ አድሬ አንድም አልያዝኩም።

አራት ሰው ጎድሎናል። ረዳቱ ደባርቅ፣ ድብ ባሕር ይላል። ብርድ ነው።

ሰሎሞን ገባ።

አየኝ። አየሁት። ከፊቴ ወንበር ተቀመጠ፣ ጀርባውን ሰጥቶ። ጭኑ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዟል፤ ሰይፉ ነው። ትናንት ሲወድቅ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ሊያስጠግናቸው፣ ወይም ሊመልስላቸው። አልጠየቅሁም።

ሞላ። ተነሣን። ወለቃን አለፍን፣ ሸክላ የሚሸጡት ገና አልወጡም። አንገቱን እያየሁ ነው የምሄደው። ቅናት ያዘኝ፣ ደብተር፣ እመነኝ። እሱ ይቅርታ ብሎ ከእግራቸው ሥር ለመውደቅ ቀላል ነው፤ የትናንቱን ጩኸት ይዞ ነው የሚገባው። እኔ ምን ይዤ እገባለሁ? አንደኛነቴን?

ቁልቁል ስንወርድ ሳይዞር ትናንት ማታ ደውለውልኛል አለ። ማን አልኩ። አያ፣ አለ። ቪዲዮውን አይተውታል። ምን አሉ? ጥቅሉን ጭኑ ላይ አስተካከለ። ምን አሉ፣ ሰሎሞን?

አንቺን ጠየቁኝ አለ። እንዳትቀሪ አምጣት፣ ብቻዋን መምጣት ታፍር ይሆናል አሉ። ቤትሽ ሄጄ ነበር፣ ቀድመሽ ወጥተሻል አለ።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፣ መንገዱም ያናውጣል። ወስኛለሁ ግን፣ ይህቺን ልጻፋት። አብሬው እወርዳለሁ። አብሬው እገባለሁ። እሱን አላስቀድምም፣ እኔ ነኝ ታላቅ። በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ከሆነ ሳይነሡ፣ ያንን አንካሳ የሚል ቃል በአፌ ደግሜ፣ እኔ ነኝ ያልኩት ብዬ፣ ከዚያ የሚሉኝን ቆሜ እሰማለሁ።